«በጊዜ ግቢ» ማለት ጥበቃ አይደለም



በዚህ ካምፕ ሴት ልጅ ያለው አባት፣ እኅት ያለው ወንድም በየማታው የሚናገራት አንዲት ቃል አለች። «በጊዜ ግቢ» ትባላለች። ከአገር ቤት ይዘናት የመጣን ቃል ናት። ድንበር ስንሻገር ቤታችንን ጣልን፣ መጻሕፍታችንን ጣልን፣ ይህችን ቃል ግን አልጣልናትም። ከፍቅርና ከሥጋት የምትወጣ በመሆንዋ ተናጋሪውን አንወቅስም። ነገር ግን ይህችን ቃል ተናግረን ስንጨርስ ልጃችንን የጠበቅናት ከመሰለን ራሳችንን እያታለልን ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህንን ማታለል ለመቃወም ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካኩማ በ1992 ሲቋቋም የጊዜው መጠለያ ነበር። በ2016 ካሎቤዬ ተጨመረ። ዛሬ በሁለቱ ውስጥ 300 000 ያህል ሰው ይኖራል። ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ጋራዡ ሁሉ የከተማ ነው፤ ስሙ ብቻ ካምፕ ሆኖ ቆየ። በ2025 ግን ስሙም መለወጥ ጀመረ። ካኩማና ካሎቤዬ የማዘጋጃ ቤት ደረጃ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የኬንያ መንግሥት «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አደረገ፤ ይኸውም ካምፖቹን ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለማድረግ የታሰበ ነው። ባጭሩ ከተማ ሊሆን ነው ማለት ነው። ከተማ ደግሞ በድንጋይና በቆርቆሮ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት ላይ ይሠራል። መንገዱ በየት ይለፍ? ቦኖው የት ይተከል? መብራቱ በማን ደጅ ይቁም? መጸዳጃው በሩ ወደየት ይዙር? ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው እርሳስ የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሳሱ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ጊዜ በአንድ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ስለ መንገድና ስለ ገበያ ቦታ አሳብ የሚሰጡ አምስት ሰዎች ከኛ ሰፈር ይመረጡ ተባለ። አምስት ሰዎች ተመረጡ፤ አምስቱም ወንዶች፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አንሥታ «ከኛስ?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «ልጄ፣ እናንተን እኛ እንወክላችኋለን» የሚል ነበር። ቤቱ ሳቀ። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት ያን ዕለት በቃል አልተነገረም፤ በሥራ ግን ተፈጸመ። እኛም እዚያው ነበርን፤ ዝም አልን። ስለዚህ ዝምታችን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን «እንወክላችኋለን» ያሉት አባቶች የሚወክሉትን ያውቁታል ወይ? እንመርምር።

አብዛኞቻችን መምህራን ነን። ከስብሰባው በኋላ በአንድ ክፍል ለተማሪዎች ቀላል ሥራ ሰጠን። «ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሳሉ» አልናቸው። ወንዶቹ በሁለት ደቂቃ ጨረሱ። አብዛኞቹ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄድ አንድ መስመር ሠርተው አስረከቡ። ሴቶቹ ግን ተጨማሪ ወረቀት ለመኑን። የአንዷን ወረቀት እንግለጽላችሁ። መንገዷ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በሁለት ቦታ ይጠማዘዛል። የመጀመሪያው መጠማዘዣ ላይ «ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ፤ ጎረምሶች ይቀመጣሉ፤ ይለክፋሉ» ብላለች። በሁለተኛው ላይ «ማቴንጌ፤ ከቁጥቋጦው ኋላ ያለው አይታይም» ይላል። ከደረቁ ወንዝ ማለትም ከላጋው አጠገብ «ብቻዬን አልሻገርም፤ ሌላ ሰው እስኪመጣ እቆማለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ከመጸዳጃው አጠገብ «መቀርቀሪያ የለውም» ብላለች። አንዱን የመብራት ምሰሶ ስላ በላዩ ላይ የእርሳስ ጭረት አድርጋበታለች፤ ጠፍቷል ማለት ነው። ከሁሉም የገረመን ግን በመንገዷ መካከል የሳለቻት ትንሽ ረከቦት ናት። ከሥሯ «ቡና የሚሸጡት እናት እስኪነሡ ድረስ እዚህ ጋ አልፈራም» ብላለች።

ወገኖቻችን! ይህ ካርታ በየትኛው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል? በየትኛውም አልተሰቀለም። መሐንዲሱ አያውቀውም፤ አምስቱ አባቶች አያውቁትም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ያን ቀን ነው ያወቅነው። እነዚህ ልጆች ግን በየቀኑ በአእምሯቸው ይሥሉታል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር ያድሱታል። ያለ ደመወዝ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ሆነው ሲሠሩ የጠየቃቸው የለም።

በዚህ ረገድ ዓለም ከኛ ቀድሟል። ከእውቀት ባሕር ማዶ የለምና ከሌሎች ከተሞች ምን እንደተገኘ ማየት ይጠቅማል።

በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለመከላከል የተቋቋመው ሜትራክ የተባለው ድርጅት በ1989 አንድ ዘዴ አወጣ። ሴቶች በቡድን ሆነው ወረቀትና እርሳስ ይዘው በራሳቸው ሰፈር እየተዘዋወሩ የት እንደጨለመ፣ የት መውጫ እንደሌለ፣ የት ቢጮኹ ሰሚ እንደማይገኝ ይመዘግባሉ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ለከተማው አስተዳደር ያቀርባሉ። ይህ ዘዴ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሯል፤ ዳሬሰላምም ደርሷል። በዚያው በቶሮንቶ በ1991 የአውቶቡስ ድርጅቱ በሌሊት የምትጓዝ ሴት በሁለት ፌርማታዎች መካከል፣ ለቤቷ በሚቀርባት ቦታ እንድትወርድ ፈቀደ። ይህን ለማድረግ አዲስ መንገድ መጥረግ፣ አዲስ ግንብ መገንባት አላስፈለገም። የሚፈሩትን ሰዎች መስማት ብቻ በቂ ሆነ።

በኦስትሪያ ቪየና ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሕዝብ መናፈሻዎችን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልጆች ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከመናፈሻው ይጠፋሉ፤ ወንዶቹ ይቀራሉ። «ልጃገረዶች ጨዋታ አይወዱም» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ምክንያቱን ፈለጉ። ሜዳው አንድ ሰፊ ቦታ በመሆኑ ኳስ የያዙት ጎረምሶች ሁሉንም ይወስዱታል፤ ልጃገረዶቹም ከመጋፋት መቅረትን ይመርጣሉ። ከ1999 ጀምሮ በከተማው አምስተኛ ወረዳ ሁለት መናፈሻዎች እንደገና ተነደፉ። ሰፊው ሜዳ በትናንሽ ቦታዎች ተከፋፈለ፤ የእግር መንገድ ተጨመረ፤ ለመረብ ኳስ ቦታ ተሰጠ፤ ልጃገረዶቹም ተመለሱ። የኛን ካምፕ የኳስ ሜዳ የሚያውቅ ሰው ስለ ቪየና የምንናገረው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በሕንድ ዴልሂ በታኅሣሥ 2012 አንዲት ወጣት ተማሪ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ በቡድን ተደፍራ ከሞተች በኋላ አገሩ ሁሉ ተነሣ። ከዚያ ቁጣ በኋላ በ2013 ሴቶች በእጅ ስልካቸው የየመንገዱን መብራት፣ የእግረኛ መንገድና የሰው እንቅስቃሴ የሚመዘግቡበት «ሴፍቲፒን» የተባለ ዘዴ ተፈጠረ። በዴልሂ ብቻ ከ7 000 በላይ ጨለማ ቦታዎች ተቆጥረው ለከተማው መንግሥት ተሰጡ። በቬትናም ሃኖይ ዳርቻ ኪም ቹንግ በተባለ ቦታ ደግሞ ተማሪ ልጃገረዶች እዚህ ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቱትን ማይንክራፍት የተባለ ጨዋታ ተጠቅመው የትምህርት ቤታቸውን መንገድ ራሳቸው ነደፉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ረዳቸው እንጂ አልነደፈላቸውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለ ውጭ አገር ይህን ያህል ካልን ስለ አገራችንም እንናገር። በ2014 በአዲስ አበባ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመሄድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈረች። ታፍና ተወሰደች፣ በቡድን ተደፈረች፣ በደረሰባትም ጉዳት ሞተች። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ልብ በሉ! ልጅቷ አላመሸችም። በጊዜ እየገባች ነበር። «በጊዜ ግቢ» የሚለው ምክር ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ ልጅቷን አላዳናትም። ታክሲው ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ፣ ተሳፋሪዋን የሚመዘግብ፣ ለተማሪዎች የሚሆን ማጓጓዣ ያዘጋጀ አሠራር አልነበረም። የጎደለው የልጅቷ ጥንቃቄ ሳይሆን የከተማው ጥንቃቄ ነበር።

ዛሬ ደግሞ በዚያችው አዲስ አበባ ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መንገዱ አምሯል፤ መብራቱ በዝቷል። መብራት መብዛቱን አንጠላም፤ ውሸትም አንናገርም። ነገር ግን ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ዳርቻ ተበትኗል። ከሥራ የምትመለሰውን ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» ሳይል በዓይኑ የሚሸኛት ጎረቤት፣ በደጇ ላይ ከሰል የምታያይዝ እናት፣ ጉሊት የምትሸጥ አክስት ከመብራቱ ሥር የሉም። በ1961 ጄን ጄኮብስ የተባለች የኒው ዮርክ ነዋሪ ስለ አሜሪካ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ መንገድን ከፖሊስ አስቀድሞ የሚጠብቀው የነዋሪው ዓይን ነው ብላ አስረድታለች። ይህች ሴት በከተማ ፕላን ዲግሪ አልነበራትም፤ በመንገዷ ላይ የሚሆነውን ግን ታይ ነበር። የኛም ተማሪ በሥዕሏ ላይ ረከቦት ስትሥል መጽሐፉን ሳታነብ ያንኑ ነገር ነው የነገረችን። መብራት ብቻውን አይጠብቅም፤ ከመብራቱ ሥር የሚያውቅሽ ሰው ሲኖር ነው። ይህንን ከወጣት ሴቶች በቀር ማን በዝርዝር ሊነግረን ይችላል?

አሁን የሚነሡብንን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ እንመልስ።

አንዳንዶች «ራሽን በተቀነሰበት፣ ሕዝቡ በተራበበት ጊዜ ስለ መብራትና ስለ መቀመጫ ትጽፋላችሁ» ይሉናል። ረኃቡ የኛም ነው። ነገር ግን ረኃብ በቤት ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም፤ ወደ መንገድ ይወጣል። ራሽን ሲጎድል እስከ ማታ ምግብ ቤት ዕቃ ለማጠብ የምትወጣው ማን ናት? ማገዶ ሲጎድል ከካምፑ ርቃ እንጨት የምትለቅመው ማን ናት? በዳዳብ ካምፖች በ1990ዎቹ እንጨት ፍለጋ የወጡ ሴቶች ይደፈሩ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በ1998 ማገዶ ማደል የተጀመረው ስለዚሁ ነበር። ስለዚህ የረኃብና የመንገድ ጥያቄ አንድ ጥያቄ ነው። አንዱን ለሌላው ማምለጫ ማድረግ አይቻልም።

ሌሎች «እኛ እዚህ አንኖርም፤ ነገ እንሄዳለን፤ የሰው አገር ከተማ ለምን እንነድፋለን?» ይላሉ። ይህ ካምፕ ከተቋቋመ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። «ነገ እንሄዳለን» ያሉ ሰዎች ልጅ ወልደው፣ ልጆቻቸው ልጅ ወልደዋል። ጉዞው የደረሰው ይሂድ፤ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከቦኖ ጀሪካን ተሸክማ የምትመለሰው ልጅ የምትሄደው በዛሬው መንገድ ነው።

ሦስተኛዎቹ «የጥበቃ ሠራተኛ ይብዛ፣ አጥር ይታጠር» ይላሉ። ጥበቃ አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን አጥር ሌባን ያስቀራል፤ የሚሮጥንም ሰው መውጫ ያሳጣል። በር የት ይሁን? ጥበቃው የት ይቁም? ልጆቹ የሚፈሩት ሰው ጥበቃው ራሱ ቢሆንስ ለማን ይናገራሉ? ይህን ያልጠየቀ አጥር የሚጠብቀው የአጣሪውን ኅሊና ብቻ ነው።

አራተኛዎቹ «ልጆቹ መሐንዲሶች አይደሉም» ይላሉ። ሲሚንቶ ያቡኩ፣ ብረት ይቁጠሩ አላልንም። ሐኪም «የት ላይ ያምሃል?» ብሎ በሽተኛውን ሲጠይቅ በሽተኛው ሐኪም ስላልሆነ ዝም ይበል የሚል ሰው አለ? በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም ካለ ከሱ መሸሽ ነው።

አምስተኛዎቹ ደግሞ «ተጠይቀዋልኮ» ባዮች ናቸው። እነዚህ ከሁሉ ይብሳሉ። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሴቶች ይጠራሉ፤ በስም መዝገብ ላይ ይፈርማሉ፤ አንዳንድ ለስላሳ ይሰጣቸዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሪፖርቱ ላይ «ሴቶች ተሳትፈዋል» ተብሎ ይጻፋል። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ተሳትፎ ማለት መስመሩ ሳይሰመር «በዚህ አይለፍ» ለማለት መቻል፣ ያሉትም ነገር መፈጸሙን ለመቆጣጠር መቻል ነው። ከዚህ ያነሰው ሁሉ ማስመሰል ነው።

አሁን ወደ ዝምታችን እንመለስ። ሌላውን የሚነቅፍ ሰው ራሱንም መንቀፍ አለበት። በዚያ ስብሰባ ላይ ልጅቷ ሲሳቅባት እኛ የተማርን ነን የምንለው ዝም ብለናል። ከዚህም የባሰ አለ። ይህ በእጅ እየተጻፈ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው መጽሔታችን ከተጀመረ ጀምሮ የወጡበት ጽሑፎች ሁሉ የወንዶች ናቸው። «ሴቶች አይጽፉም» እያልን ስናማርር ቆይተናል። እስቲ የምንሰበሰበው መቼ ነው? ከምሽቱ 1 ሰዓት። የት? ከላጋው ማዶ በሚገኝ፣ ደጁ በጎረምሳ በተሞላ ቡና ቤት። በልጆቹ ካርታ ላይ ይህ ቦታ በጥቁር የተቀባ ነው። በር ዘግተን «ለምን አትገቡም?» ስንል ኖረናል። ቪየናዎች ስለ መናፈሻቸው ያገኙትን ስሕተት እኛ በገዛ መጽሔታችን ላይ ሠርተነዋል። ይህን ማመን ያሳፍራል፤ አለማመን ግን ይብሳል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፤

አንደኛ፤ ከሰፈራችን የተመረጡት አምስት ተወካዮች እንደገና ይመረጡ። ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች፣ ከሦስቱም ሁለቱ ከ25 ዓመት በታች ይሁኑ። አባቶቻችን ምክራቸው እንዲቀር አንፈልግም፤ ቦታ እንዲያካፍሉ ብቻ እንለምናለን።

ሁለተኛ፤ የትኛውም መንገድ፣ ቦኖ፣ መጸዳጃ ወይም የገበያ ቦታ በወረቀት ላይ ከመሰመሩ በፊት የሰፈሩ ወጣት ሴቶች በቡድን ሆነው ቦታውን አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ ይዙሩት፤ ያዩትን ይጻፉ። ንድፍ የሚሠራው ሰውም አብሯቸው ይሂድ።

ሦስተኛ፤ የተጻፈው ነገር ምን እንደተፈጸመና ምን እንዳልተፈጸመ፣ ያልተፈጸመውም ለምን እንደሆነ በሦስት ወር ውስጥ ለነሱው ተመልሶ ይነገር።

አራተኛ፤ ስብሰባዎች በውሃ ሰዓትና በራሽን ቀን አይጠሩ። ሕፃን የያዘች እናት ሕፃኗን የምታስቀምጥበት ጥላ ይዘጋጅ።

አምስተኛ፤ በየሱቁ ደጅ የሚለክፉ ወንድሞቻችን ለከፋ ጨዋታ አለመሆኑን ይወቁ። አንድ ቃል በወረወራችሁ ቁጥር አንዲት ልጅ መንገዷን ታጠማዝዛለች። ባለ ሱቆችም ደጃችሁ የእናንተ ነውና ኀላፊነቱም የእናንተ ነው።

ይህን ሁሉ ከሌሎች ስንጠይቅ ከራሳችን እንጀምራለን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የመጽሔታችን ስብሰባ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በትምህርት ቤቱ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ይሆናል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ያበቃል። የሚቀጥለው እትም መሪ ጽሑፍ የኛ አይሆንም። ያን ካርታ የሣሉት ተማሪዎች ይጽፉታል፤ እኛ በእጃችን እንገለብጣለን። አሳባቸውን አናቃናም፤ የሆሄ ስሕተት ካለ እንጠይቃቸዋለን። ካርታቸውም በትልቅ ወረቀት ተገልብጦ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል፤ በፈቃዳቸው፣ ስማቸውን መግለጽ ካልፈለጉም ያለ ስም።

አባቶች ሆይ! ዛሬ ማታም «በጊዜ ግቢ» ትሉ ይሆናል። በሉ። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «ልጄ፣ በየት በኩል ነው የምትመጪው?» በሏት። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። ከዚያም የሰማችሁትን ይዛችሁ ሳይሆን ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ስብሰባው ኑ።

ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ለጎረቤትዎ ያስተላልፉ። ማንበብ ለማይችል ያንብቡለት። የሚቃወም ካለ ተቃውሞውን ጽፎ ይላክልን፤ ሳንቀንስ እናወጣለን።

የመጽሔቱ አዘጋጆች